ጀርባዬ ላይ የምትሰማው ልጅሽ

ውድ እህቴ አሰጋሽ፣

እንዴት ነሽ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የኔአለም ናት፤ ዕረፍቷን ጨርሳ ወዳላችሁበት ወደ ጅዳ ልትመለስ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ሳቅሽን ስሰማ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬም ስነሳ ስቀመጥ ነው የዋልኩት።

ነገሩ የምህረት ጆሮ ነው። ልጅሽ የምትሰማ አይመስለኝም።

ቆይ፣ አትጩኺ፤ ጨርሺው። በደወልሽ ቁጥር «ድምፄን ለየችው?» ስትይኝ «እንዴታ!» የምልሽ ውሸት አልነበረም። ሁልጊዜ አዝያት ነው የማነጋግርሽ። እኔ ስስቅ ትስቃለች፣ ሳንጎራጉርላት ጸጥ ትላለች። የሚካኤል ንግሥ ዕለት ከበሮው ሲመታ ጀርባዬ ላይ ስትፈነጥዝ ያየ ሁሉ «ይቺማ ዘማሪ ናት!» ብሎ ነበር። እኔም አምኜ ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ምንጣፍ ላይ አስቀምጫት፣ ከኋላዋ የድስት ክዳን ከእጄ አምልጦ ወደቀ። የጎረቤታችን የእትዬ ፋጢማ ድመት በመስኮት በረረች። ምህረት ማንኪያዋን መላሷን አላቋረጠችም። ከዚያ ወዲህ እብድ ሆኛለሁ፤ ከኋላዋ አጨበጭባለሁ፣ አፏጫለሁ፣ በር አላትማለሁ።

እትዬ ፋጢማ ሲሰሙ ሳቁብኝ።

«አብሽሪ ልጄ! የድመቴን ልጆች አላየሽም? ዓይናቸውም ጆሯቸውም ተደፍኖ ነው የሚወለዱት። ኋላ አይጥ ስትንኮሻኮሽ ቀድመውሽ ይሰማሉ። ያንቺም በጊዜዋ ትሰማለች፣ ኢንሻአላህ።»

አየሽ፣ እኔ የባዮሎጂ አስተማሪዋ በድመት ልጆች ተጽናናሁ! እውነታቸውንም ነው። የድመት ልጅ ጆሮው ሳይከፈት፣ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ የመሰለው ክፍል ምንም ድምፅ ሳይገባበት በራሱ እየተነሳሳ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል። ለንግሥ እንደሚያጠኑ መዘምራን ነው፤ ሕዝቡ ሳይመጣ ይለማመዳሉ። ግን መጽሐፌን ገልጬ ሳነብ መጽናናቴ እዚያው ቀረ። የሰው ልጅ ከዚያ ልምምድ ብዙውን የሚጨርሰው በእናቱ ማህፀን ነው፤ ሳይወለድ መስማት ይጀምራል። ምህረት ደግሞ ዓመት ሊሞላት ነው። አንጎልም በሕፃንነቱ ድምፅ ካላገኘ ኋላ መልመዱ ይከብደዋል፤ ስለዚህ «በጊዜዋ» እያልን መቀመጥ አንችልም።

ሰኞ በአውቶቡስ ደሴ ወስጄ አስመረምራታለሁ። እትዬ ፋጢማ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለው ከወዲሁ ስንቅ ቋጥረዋል። የመስሚያ መሣሪያ ያደርጉላት ይሆን? ወይስ ሁላችንም በእጅ መናገር እንማር ይሆን? ለሁለቱም ዝግጁ ነኝ እላለሁ፤ ከዚያ ተነስቼ እንደገና በር አላትማለሁ። ፈርቻለሁ፣ አሰጉ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ትናንት አልጋ ላይ አጋድሜ ሳንጎራጉርላት ከእግሯ ጣት ጋር ስትጫወት ነበር፤ ዞርም አላለች። አነሳሁና አዘልኳት፤ ያንኑ ዜማ ስጀምር ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ ጸጥ አለች። ያኔ ገባኝ። የምትሰማኝ በጆሮዋ አይደለም፤ ሳንጎራጉር ጀርባዬ ሲርገበገብ በደረቷ ነው። ዜማው ደግሞ የኔ አይደለም። ከመሄድሽ በፊት ልብስ ስታጥቢ አዝለሻት ታንጎራጉሪው የነበረው ነው። ሌላ ዜማ ሞክሬ ነበር፤ ትነጫነጫለች። ያንቺን ታውቀዋለች፣ አሰጉ። ታውቀዋለች!

ስለዚህ አደራ። የደሴ ሐኪም ምንም ይበል ምን፣ የመጣሽ ዕለት በር ላይ ቆመሽ «ምህረት!» ብለሽ እንዳትጠሪያት። ዞር ሳትል ብትቀር ልብሽ ይሰበራል። ሻንጣሽን እዚያው ጣይው፣ ዝም ብለሽ እዘያት፣ ከዚያ አንጎራጉሪ።

እስክትመጪ ጀርባዬን አበድሬሻለሁ።

እህትሽ የትምወርቅ
መካነ ሰላም