አፌ ላይ አልረጋ ያለው ቱቦ

ግርምዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ። ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል፣ ጥቁሬንም ቀይሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስልህ ሳይሆን ልቆጣህ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። አጥሩ አለቀ። ቆርቆሮው ተነሥቶ ድንጋይ ሆኗል፤ በሩ ግን መሬት እየነካ በትከሻዬ ካልገፋሁት አይዘጋም። ልጃችን ሐና ሲ.ኤም.ሲ ተከራይታ ወጥታለች። እኔ እዚሁ የካ ሚካኤል ነኝ። ከጓሮ ያሉት ሁለቱ ባሕር ዛፎች ስለተቆረጡ አሁን ሳሎን ቁጭ ብዬ እንጦጦ ይታየኛል።

ይሄ አጥር! ዛንዚባር እንሂድ ባልከኝ ቁጥር መጀመሪያ አጥሩ ይሠራ ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተስ ምን ቆርጦህ ሰማኸኝ? በሌላው ነገር ሁሉ እልኸኛ አልነበርክም?

የመሥሪያ ቤት ጓደኛህ ስልኩ ላይ ያችን ትንሽ ደሴት ካሳየህ ወዲያ ሰው አልሆንክም። ሦስት ጎኗን ድንጋይ የከለላት፣ በጀልባ ካልሆነ የማይገባባት፣ ውሃው ዝም ብሎ የተኛባት ጥግ። ሰዎቹ ፊታቸውን ደፍተው ከሥር ዓሣ ያያሉ። በሳምንቱ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይዘህ መጣህ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልተህ፣ ግቢ መሃል ተንበርክከህ ፊትህን ነከርክ። እትዬ ፀሐይ ለማኅበር ልትጠራን ስትገባ እንደዚያ ተደፍተህ አገኘችህና ጩኸቷ ሰፈሩን ሰበሰበው። ቅዳሜ ቅዳሜም መዋኛ ገንዳ እየወሰድከኝ መንሳፈፍ አስተማርከኝ። ፊት መንከር ላይ ስንደርስ ወገቤን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም ነበር። ከዚያ አጥሩ ሳይጀመር ልብህ ቆመ።

ባለፈው ወር ሐና ጎትታ ዛንዚባር ወሰደችኝ። አባዬ ሊያየው የነበረውን አንቺ እይለት አለችኝ። እኔም ልይልህ ብዬ ሄድኩ።

ጥጓ እንዳልካት ናት። ጀልባ ነጂው፣ ጸጉሩ ሸበት ያለ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ከድንጋዮቹ መሃል አስገብቶ አቆመልን። ያንተን መነጽር አጠለቅኩ፣ ቱቦውን ነከስኩ፣ ፊቴን ደፋሁ። ውሃው ግንባሬን ሲነካኝ አፌ ራሱን ችሎ “በስመ አብ!” አለ። ቱቦው ወደቀ፣ ጨው ውሃ ጠጣሁ።

ምን ላድርግ? ከሕፃንነቴ እናቴ እንጦጦ ጠበል ስትወስደኝ ነው ያደግኩት። ያ ቀዝቃዛ ውሃ ማጅራትህ ላይ ሲወርድ ሌላ ቃል ይወጣል? በስመ አብ ሳይባል ውሃ ፊቴን ነክቶት አያውቅም። ደግሜ ገባሁ፣ ደግሜ አልኩ። አምስት ጊዜ! በአምስተኛው ሰውዬው ዙሪያውን ገላምጦ፣ ይሄ የምትጠራው በስማብ የሚባለው ሰው የት ቀረ ብሎ ሐናን በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ልጅህ በሳቅ ሞተች። እኔ በገንኩ። በእሷ ተናደድኩ፣ በሰውዬው ተናደድኩ፣ ከሁሉ ይልቅ በአንተ ተናደድኩ። አንተ ብትኖር አንድ የሞኝ ዘዴ አታጣም ነበር። እኔን እዚህ ውሃ ላይ ጥለህ የት ነው የሄድከው?

በስድስተኛው ሁሉንም ጀልባው ላይ ጨረስኩት። አማተብኩ፣ እስከ አሜን ድረስ ደገምኩ፣ ከዚያ ቱቦውን ነክሼ ገባሁ። አፌ ዝም አለልኝ።

አየሁልህ፣ ግርምዬ። ስልኩ ላይ እንዳየኸው ሰማያዊ አይደለም። ከሥር ግራጫና ቡናማ ነው፣ የፀሐዩ ብርሃን አሸዋው ላይ ይንቀጠቀጣል። ቢጫ መስመር ያላቸው ዓሦች ከምንም ሳይቆጥሩኝ በሆዴ ሥር ያልፋሉ። የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ ሌላ ድምፅ የለም። አንድ ክንዴን የሚያህል ዓሣ ከድንጋይ ሥር ብቅ ብሎ ቆመና አፍጥጦ አየኝ። ያኔ ወደ ቀኝ ዞር ብዬ “ግርማ፣ እየው!” አልኩ።

አፌን ባሕር ሞላው። ሐና ስባ አወጣችኝ። ትን ያለኝ ስለመሰላት ጀርባዬን ትመታለች፤ እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር። አጠገቤ ነበርክ እኮ! አልተጠራጠርኩም።

እስካለሁ አልረሳህም፤ ይህን ቃል ስገባልህ አይከብደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። እዚያ ውሃ ውስጥ፣ ለጥቂት ትንፋሽ፣ መሞትህን ረስቼው ነበር። ስወጣ መርዶህን እንደገና ተረዳሁ።

ያንተዋ አልማዝ