አጥንትን ከድንጋይ ይለዩ የነበሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከልብስ ሰፊዋ እናታቸውና ከወደብ ጫኙ አባታቸው በኅዳር ወር 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከባሕሩ ዳርቻ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ነፋስ በተነሣ ቁጥር አሸዋው በመስኮት እየገባ የተሰፋውን ልብስ ስለሚያበላሽ፣ አያታችን ለልጃቸው የሰጡት የመጀመሪያ ሥራ አሸዋ መጥረግ ነው። ልጁ ግን የጠረገውን አይደፋም። በወንፊት ነፍቶ የቀረውን ይለቅማል። አያታችን የዱቄት ወንፊታቸውን ፍለጋ ቤቱን ሲያምሱ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳሉ ተመጦ እንደተተፋ ከረሜላ የለሰለሰ ጥቁር ስባሪ ከዳርቻው አግኝተው ለሳይንስ መምህርታቸው አሳዩ። መምህርቷም አገላብጠው ካዩት በኋላ የዓሣ ጥርስ መሆኑን፣ ያም ዓሣ ከቁጥር በላይ በሆነ ዘመን የኖረ መሆኑን ነገሯቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባታችን አንገታቸውን ቀና አድርገው በባሕሩ ዳርቻ ሲሄዱ ያየ ሰው የለም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1962 ዓ.ም. አጠናቀው በከተማው የተፈጥሮ ሙዚየም በዕቃ ቤት ጠባቂነት ተቀጠሩ። በተልእኮ ትምህርት ዲፕሎማቸውን ይዘው በ1969 ዓ.ም. የቅሪተ አካል ክፍል መዝጋቢ ሆኑ። በዚሁ ቦታ እስከ ጡረታቸው ድረስ ሠርተዋል። ሥራቸው ባሕር ያላመጣቸውንና ባሕር ያመጣቸውን አጥንቶች መቁጠር፣ ማጠብ፣ ቁጥር መስጠት ቢሆንም፣ ከተማው የሚያውቃቸው ግን በቅዳሜው ጠረጴዛ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሰው ከዳርቻ ያነሣውን ነገር ይዞ መጥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

እርሳቸውም የማያጥፉት ደንብ ነበራቸው። የመጣው ስባሪ የመጀመሪያውን ቀን በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ጨው ያታልላልና። ሁለተኛውን ቀን በጥላ ይደርቃል። በሦስተኛው ቀን በማጉያ መነጽር ይታያል፤ መጨረሻ ላይ ምላስ ይነካዋል። ያረጀ አጥንት በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ብዙ ጊዜ ምላስ ላይ ለጠፍ ይላል፤ ድንጋይ አይልም። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ቅምሻ» ያሏቸው በዚህ ነው። እናታችን፣ ያን ጊዜ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የነበሩት፣ በ1970 ዓ.ም. ሲያገቧቸው ያቀረቡት አንድ ቅድመ ሁኔታ ወደ ቤት ሲገቡ በቅድሚያ አፋቸውን እንዲያጥቡ ብቻ ነበር። በትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በሠርጋቸው ቀን ሚዜ ሆነው አጠገባቸው የቆሙት የልጅነት ጓደኛቸው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ ሱቅ ያላቸው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ሁለቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወንበርና መስታወት መሐል ተቀምጠው ሲተራረቡ ይውላሉ። አባታችን የሰው ነገር ሁሉ ቢሰለቻቸው የእኚህ ሰው ጨዋታ አይሰለቻቸውም ነበር።

አሁን የምንናገረውን እንድንናገር አባታችን ራሳቸው አዘዋል። «ሕይወቴን ስታነቡ እሱን ብትዘሉት ተነሥቼ አነበዋለሁ» ብለዋልና አንዘለውም።

በ1996 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ጠረጴዛው ሊነሣ ሲል፣ ወዳጃቸው መዳፍ የምታህል ጥቁርና ጎበጥ ያለች ነገር ይዘው መጡ። ያን ቀን አባታችን የጡብ ስባሪ፣ የጠርሙስ አንገት፣ ደግሞ ሌላ የጡብ ስባሪ ሲያዩ ውለው ሰልችቷቸዋል፤ ርቧቸዋልም። አልዘፈዘፉትም፣ አላደረቁትም፣ መነጽርም አላነሡ። ከእጃቸው ሳይቀበሉ «ድንጋይ ነው፣ ወዲያ ጣለው» አሉ። ወዳጃቸውም ስቀው ሄዱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዕቃ ቤቱ የቆየ መሳቢያ ሲያጸዱ ባሕር የበላው፣ የባሕር ላም የሚባለው ሣር በል የባሕር እንስሳ መንጋጋ ስባሪ አገኙ። ጥቁር ነው፣ ጎበጥ ብሏል፣ ጥርሶቹ የነበሩበት ቦታ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ በተርታ ይታያል። አባታችን በሣጥን ላይ ተቀመጡ። የወዳጃቸው ድንጋይም ጎድጎድ ጎድጎድ ይል ነበር። እንዲህ ያለ ስባሪ በዚያ ዳርቻ ከአንዱ በቀር ተገኝቶ አያውቅም፤ ሁለተኛውን እርሳቸው በገዛ አፋቸው አስጥለውታል።

ይህንን የነገሩት ለእናታችን ብቻ ነው። እናታችን «ሂድና ጠይቀዋ፤ ምናልባት አልጣለው ይሆናል» ቢሏቸው፣ «ጣልኩት ካለኝስ?» አሉ። ይቺ «ካለኝስ» አሥራ ስምንት ዓመት ቆየች። አባታችን በዚያ መንገድ ማለፍ ተዉ። ወደ ሙዚየሙ ሲሄዱ በዓሣ ገበያው በኩል ይዞራሉ። ፀጉራቸውን የሚቆርጡላቸው እናታችን ሆኑ፣ በወጥ ቤት መቀስ። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የተነሡትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ወዳጃቸው አንድ ጊዜ ትልቋን ልጃቸውን መንገድ ላይ አስቁመው «ልጄ፣ አባትሽን ምን በደልኩት? አንድ ቀን ጆሮውን በመቀስ ነክቼው ነበር፤ እሱ ነው?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። መልሱን ይዤ እመጣለሁ ብላ ይዛ አልመጣችም፤ አባቷ አልሰጧትም።

ከዚያ ወዲያ «ጣለው» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የመጣው ሁሉ ይዘፈዘፋል፣ ይደርቃል፣ ያልተለየው «ያልተወሰነ» ተብሎ በካርቶን ይቀመጣል። የሙዚየሙ መደርደሪያ ሲሞላ ካርቶኖቹ ወደ ቤት መጡ። ልጆቻቸው ያደጉባቸው አልጋዎች ሥር ዛሬም አሉ። በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው የጠየቋቸው ንግግር እንዲያደርጉ ሳይሆን ካርቶኖቹን እንዲወስዱላቸው ነበር። በአንጻሩ በእነዚያ ዓመታት፣ ቀድሞ ማንም ልብ ሳይላቸው ያልፋቸው የነበሩ የኤሊ ቅርፊት ስባሪዎች፣ የዓሣ አከርካሪዎችና የፈረስ ጥርሶች በእርሳቸው ትዕግሥት ተለይተው ቁጥር አግኝተዋል። ሰው ሲያመሰግናቸው ግን ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የልብ ድካም ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ የሚቻለውን ካደረጉ በኋላ ወደ ቤታቸው መለሷቸው። ፀጉራቸው ትከሻቸው ሊደርስ ነበር፤ የእናታችን እጅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀምሮ መቀስ አይዝም። ትልቋ ልጃቸው ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ደወለች።

ወዳጃቸው ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። ሰላምታ ሳይሰጡ አባታችን በተቀመጡበት ወንበር ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሩና «ይሄን ማነው የሠራው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ እናታችን ከወጥ ቤት።

ነጠላ አንሶላ በአንገታቸው ታሰረ። መሸሻ የለም፤ አባታችን ፊታቸው በቆመው መስታወት ውስጥ ወዳጃቸውን እያዩ ሁሉንም ተናገሩ። ቅዳሜውን፣ መሳቢያውን፣ የዓሣ ገበያውን መንገድ። መቀሱ ቆመ።

«የትኛው ድንጋይ?»

«ጥቁሩ። ጎድጎድ ጎድጎድ ያለው።»

«እሱማ የሱቄን በር ይዞልኛል እኮ! ነፋስ ሲመጣ በሩ አልቆም እያለ፣ ታዲያ ለምን ልጣለው? አንድ ቀን ብትገባ ኖሮ ያደናቅፍህ ነበር» አሉ ወዳጃቸው።

ያን ቀን ፀጉሩ ከኋላ ሳያልቅ ቀረ። በማግሥቱ ድንጋዩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። አባታችን ታመውም ደንባቸውን አላጠፉም። አንድ ቀን በውኃ፣ አንድ ቀን በጥላ። በቦታቸው የተተኩት መዝጋቢ ለማነጻጸሪያ የባሕር ላሙን መንጋጋ ከሙዚየሙ ይዘው መጡ። በሦስተኛው ቀን ወዳጃቸው የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ቤተሰቡ በሙሉ በር ላይ ቆሟል። አባታችን በመነጽር ረጅም ጊዜ አዩት። አገላበጡት። ምላሳቸውን አስነኩት። ደግመው አስነኩት።

«ድንጋይ ነው» አሉ።

ጎድጓዳዎቹ የጥርስ ቦታ አልነበሩም። ድንጋይ ቦርቡረው ቤት የሚሠሩ ትንንሽ ዛጎሎች አሉ፤ የእነርሱ ቤት ነበር። ወዳጃቸው ትንሽ ቅር ብሏቸው፣ «ታዲያ ለዚህ ድንጋይ ብለህ ነው አሥራ ስምንት ዓመት በዚያ ፀጉር ሰው ፊት የወጣኸው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባታችን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያም እንባው ሳይቆም ሳቁ ቆመና እንዲህ አሉ፦

«ድንጋይ ነው ብዬ ልክ ነበርኩ። ግን ሳላይ ነው የተናገርኩት፤ አንተንም ሳላይ ነው ያሰናበትኩህ። ለእሱ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። አሁን አንገትህን ቀና አድርግ፣ ከኋላ አልጨረስኩም» አሏቸው ወዳጃቸው።

ያን ዕለት አባታችን ያለ ማስታገሻ ተኙ። በቀሩት አሥራ አንድ ቀናት ወዳጃቸው በየቀኑ እየመጡ አብረዋቸው ሲተራረቡ ዋሉ፤ የታመመ ሰው ቤት መሆኑን ጎረቤት ተጠራጥሯል። እኛ ልጆቻቸውም አባታችን እንዲህ ቀለል ብሏቸው የምናያቸው ከልጅነታችን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሐዘናችን ብዙ ነው፤ ነገር ግን ያን ሸክም ይዘው አልሄዱምና እፎይ ብለናል። ይህንንም ስንል አናፍርም።

አባታችን በተወለዱ በ73 ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በቤታቸው፣ በባለቤታቸውና በልጆቻቸው መካከል፣ ፀጉራቸው በወጉ ተስተካክሎ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ወዳጃቸውንና አልጋ ሥር ያሉትን ካርቶኖች ትተውልናል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ዛሬም ከእኛ ጋር ለቆማችሁ ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው።

ድንጋዩ ወደ ፀጉር አስተካካዩ በር ተመልሷል። ከሥሩ በአባታችን የእጅ ጽሑፍ «ድንጋይ፤ በሦስት ቀን የታየ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የጻፉት የመጨረሻው ጽሑፍ እርሱ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእጁ ይዞ፣ ሳይቸኩል አይቶ፣ በመልካም ቦታ ያኑርልን።