የእትዬ መቀስ ዕረፍትና የአርባ አንደኛው ጥቅል ጉዳይ

ለድርጅቱ ሠራተኞች፣ ለጡረተኞችና ለፊልም ተመልካቹ ሕዝብ በሙሉ

የፊልም ድርጅታችን የቅንብር ክፍል ባልደረባ የነበሩትና ሁላችንም «እትዬ መቀስ» እያልን የምንጠራቸው እህታችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ድርጅቱ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። ሐዘኑ ዘግይቶ የመጣ መሆኑን ግን ከዚህ በታች ያለውን ያነበበ ሁሉ ይረዳዋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ።

እትዬ መቀስ ወደ ድርጅቱ የገቡት ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር ነው። ወንዶቹ ሲዘምቱ የቅንብር ክፍሉን ስድስት ሴቶች ተረከቡ። የቅጥር ደብዳቤያቸው «ወንዶቹ እስኪመለሱ፣ በጊዜያዊነት» ይላል። በጊዜያዊነት ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግለው በጊዜያዊነት ጡረታ ወጥተዋል። ሥራቸው ከግንባር በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣውን ፊልም በነጭ ጓንት ይዞ፣ በብርሃን ላይ እያዩ፣ ቆርጦና በሙጫ አጣብቆ ሕዝብ የሚያየው ዜና ማድረግ ነበር። በእነዚያ ፊልሞች መጨረሻ የሚነበበው ስም የክፍሉ ኃላፊ ስም ነው። ኃላፊው መቀስ በየት በኩል እንደሚያዝ ያውቁ እንደነበር መዝገባችን አያሳይም።

በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት፦ ግንባር ላይ የቁጥር ሰሌዳ ስላልነበረ ፊልሙን የሚልክልን ካሜራማን የየፊልም ጥቅሉን ቁጥር በመዳፉ ላይ በከሰል ይጽፍና መዳፉን ካሜራው ፊት ዘርግቶ ያነሳው ነበር። ቁጥሩ ከተመዘገበ በኋላ መዳፉ የሚታይበት የፊልም ቁራጭ በመመሪያው መሠረት ተቆርጦ ይቃጠላል። ሰባተኛው ጥቅል በደረሰ ጊዜ እትዬ መቀስ በሚመለሰው ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ «እጅዎን ይታጠቡ፤ ቁጥሩ አይነበብም» የሚል ወረቀት ላኩ። በስምንተኛው ጥቅል መዳፉ ታጥቦ፣ ጥፍሩ ተቆርጦ፣ በፊትም በጀርባም ታየ። የፊልም ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ የነበሩት የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ያን ዕለት «አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ ቁጥር አይደለም የሚያሳይሽ፣ ራሱን ነው!» ብለው መሳቃቸውን ዛሬም ያስታውሳሉ።

በሁለተኛው ዓመት፦ እኚሁ ጓደኛቸው እንደሚሉት ከአሥራ አራተኛው ጥቅል ጀምሮ በቆርቆሮው በሚመላለሰው ወረቀት ላይ «አንቱ» መባባል ቀረ። ካሜራማኑ የአራት ቀን ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ሦስቱን ቀን በቅንብር ክፍሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የገዛ ፊልሙ ሲቆረጥ በማየት አሳለፈ። ከዚያ በኋላ በመጡት ጥቅሎች ላይ መዳፉ ቀለበት አድርጎ ይታይ ጀመር። እትዬ መቀስ ግን መመሪያ አክባሪ ነበሩና አርባውንም መዳፍ ቆርጠው አቃጥለዋል። «ምን ቸገረኝ፣ ባለቤቱ ይመጣ የለ?» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፦ አርባ አንደኛው ጥቅል ከካሜራማኑ መርዶ ጋር በአንድ መኪና ደረሰ። መዳፉ ላይ፣ ከቁጥሩ ሥር፣ «ይህን አትቁረጪው» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ መቀስ ሆድ ይፍጀው ብለው በሦስት ቀን ጥቅሉን አቀናብረው የድል ዜና አድርገው አስረከቡ። እንባ ፊልም ያበላሻልና ጠረጴዛው ላይ ሳሉ አላለቀሱም። በምርቃቱ ዕለት የአዳራሹ መብራት ሲጠፋ ለእንግዶች መጀመሪያ የታየው ድሉ አልነበረም፤ ግድግዳ የሚያህል፣ በከሰል «ይህን አትቁረጪው» የተጻፈበት መዳፍ ነበር። የክብር እንግዳው «ማንን ነው የሚያዘው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ ጥግ ላይ ቆመው የነበሩት እትዬ መቀስ «እኔን ነው» አሉ። ሳቁ ቆመ።

በማግስቱ ኃላፊው መዳፉን በገዛ እጃቸው ቆርጠው (ድርጅቱ እስከሚያውቀው ድረስ በዘመናቸው የቆረጡት ፊልም ይኸው ብቻ ነው) በማስረጃነት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ላኩት። ለእትዬ መቀስም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው።

ካሜራማን ምንጊዜም ከካሜራው በስተኋላ ነውና ሟቹ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረውም። ከእሱ የቀረው ያ መዳፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እትዬ መቀስ «አንድ ጊዜ ብቻ እንዳየው ይፈቀድልኝ» ሲሉ በየዓመቱ አመለከቱ፤ ሠላሳ ስምንት ማመልከቻ። ድርጅቱም ሠላሳ ሰባት ጊዜ ጉዳዩን በጥልቀት አጥንቶ፣ ማስረጃው የት እንዳለ አልታወቀም ሲል በማኅተም መለሰ። ዓይንሽን ላፈር ማለት በጽሕፈት ቤት ቋንቋ እንዲህ ነው። የመጨረሻው ማመልከቻ ሁለት መስመር ብቻ አለው፦ «ዓይኔ እየፈዘዘ ነው። እባካችሁ ቶሎ በሉ።» በኅዳጉ ላይ በዛሬው አመራር እጅ «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡን» ተብሎ ተጽፎበታል። ትንሽ ታገሡን። ከዚያ ሞቱ።

ረቡዕ ዕለት ለዚህ መግለጫ የሚሆን ፎቶግራፋቸውን ፍለጋ ግምጃ ቤቱ ተከፈተ። ፎቶግራፍ አልተገኘም፤ እሳቸውም እንደ እጮኛቸው ከሥራው በስተኋላ ነበሩና። የተገኘው «ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቆርቆሮ ነው፤ ከበሩ በስተግራ፣ የመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ። ጓደኛቸው ቁራጩን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ምነው ሰኞ ባገኛችሁት!» አሉ።

የሟቿ ሠላሳ ስምንተኛ ማመልከቻ በአመራሩ ሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ድርጅታችን ለታናሽ እህታቸው፣ እንደ እናት ላሳደጓቸው የእህታቸው ልጆች፣ አብረዋቸው ለቆረጡና ላጠቡ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ይቅርታም ይጠይቃል፤ ይቅርታውን የሚቀበል ሰው ግን የለም።

ጓደኛቸው በነጭ ጓንት፣ በሙጫ፣ መዳፉን ከአርባ አንደኛው ጥቅል መጀመሪያ ላይ መልሰው አጣብቀውታል። ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት በትልቁ አዳራሽ ለሕዝብ ይቀርባል። የኋላው ጥግ፣ እሳቸው የቆሙበት ቦታ፣ ባዶውን ይተዋል።

ፊልሙ ሳይቆረጥ ይታያል።