ጥቁሩ ዳዶ

ጥቅ. 9፣ ሰኞ፣ ጧት 3 ሰ.

ዛሬም ዳዶ ለቀማ፤ ብሎን ጫፍ ላይ የሚጠብቀውን ባለ ጥርስ ብረት። ጉልበቴ ከንጋት ጀምሮ ይንቋቋል፤ እሱንም ዘይት ብቀባው ጥሩ ነበር። የአስመራው መደበር ገበያ ገና አልሞቀም፤ በርሜል ቀጥቃጮቹ ብቻ ናቸው ጆሮዬን የያዙት። ብሎን ወደ ግራ ቆርቆሮ፣ ዳዶ ወደ ቀኝ። ነጩ ለአጥርና ለአልጋ፣ ጥቁሩ ለማኪና። ከወሎ መጥቼ ከጣሊያኖቹ ጋር መንገድ ከሠራሁበት ዘመን ጀምሮ ሕጌ ይኸው ነው፦ ጥቁር ብርቱ፣ ነጭ ልፍስፍስ። ሠላሳ ዓመት ሰው አስተማርኩበት።

ተኽለ መጣ፤ ማይ ተመናይ ሰፈር ጋራዥ ያለው። ፊቱ ላይ 8 የተመታበት ዳዶ ይፈልጋል። ቄስህ ዳዊት እንደሚያነብ አንተ ዳዶ ታነባለህ፣ ቀጥሎ ልትቀድስበት ነው አልኩት። ሳቀ። ጥቁሩን ወሰደ፤ ግን ልቡ አላመነም።

ቅዳሜ ለአማቼ ለኢድሪስ ከዚያው ቆርቆሮ ስምንት ጥቁር ሰጥቼዋለሁ። የአውቶቡሱን የኋላ ባሌስትራ፣ ሸክሙን የሚይዘውን ሞላ፣ አሰረበት። ምጽዋ የሚመላለስ እሱ ነው። ስጦታ ነው አልኩ። ልጄ ዘይነብ፣ የአባባ ስጦታ ሁሌም ከዝገት አያልፍም አለች። የሷ ምላስ እንኳ አይዝግም።

አንቺ ደብተር፣ አንቺ ትሻያለሽ። ዝም ትያለሽ።

ጥቅ. 10፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ተኽለ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ከጣሊያን በመጣ የብሎን ሳጥን ውስጥ ያገኘው። ሻሂ አዘዝኩ። እሱ ጣሊያንኛውን ያነባል፣ እኔ ነገሩን እይዛለሁ።

ብሎኑ ራስ ላይ 8.8 ካለ፣ የፊተኛው 8 በስንት ሸክም እንደሚበጠስ ይናገራል። ሚሊሜትር በሚሊሜትር በሆነች ቦታ ሰማንያ ኪሎ። የኋለኛው ደግሞ፣ ከዚያ ሸክም ከአሥር ስንት እጁ ሲደርስ ተለጥጦ እንደሚቀር። አልተበጠሰም፤ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ዓይን አያየውም። ዳዶ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከብሎኑ የፊተኛ ቁጥር ካነሰ ጥርሱ ይላጣል።

ቤተሰቡን በቁጥር አሰለፍኩት። ዘይነብ 10.9፤ እስክትበጠስ ድረስ ንቅንቅ የለም። ኢድሪስ 8.8፣ ካገባት ወዲህ ተፈትኗል። እኔ 4.6። ከአሥሩ ስድስቱ ላይ ተለጥጬ ቀርቻለሁ፤ ከሩቅ ግን ሙሉ እመስላለሁ። ተኽለ እስኪያስለው ሳቀ።

ሲወጣ፣ ወረቀቱ ስለ ቀለም አንድም አይልም አለኝ። ፋብሪካው ረስቶት ይሆናል አልኩት።

ደክሞኛል። ቀልድም ያደክማል ለካ።

ጥቅ. 11፣ ረቡዕ፣ 5 ሰ.

ተኽለ በር ላይ ቆመ። ሰላምታ የለ። መዳፉን ዘረጋ፤ ሰኞ የወሰደው ጥቁር ዳዶ። ጥርሱ ተላጦ ክር ክር ሆኖ ወጥቷል። ገና ሲያጠብቀው ነው። ብሎኑ ግን ደህና።

ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰርኩት፣ በሞረድ ነካሁት። ብርቱ ብረት ሞረድ ያንሸራትታል። ይህ እንደ ሳሙና ተበላ። ጥቁሩ ቆዳ ተነሣ፣ ከሥሩ ነጭ።

ቆዳው የእኔ ነው። ድስቱ ጥጉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። በየክረምቱ፣ እንዳይዝግ ብዬ ዳዶውን በተቃጠለ የሞተር ዘይት እቀቅላለሁ። ነጭ ይገባል፣ ጥቁር ይወጣል። ድሮ የቀቀልኩትን ለብቻው አስቀምጥ ነበር። ዘንድሮ ወገቤ እምቢ አለኝ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ገለበጥኩት። ከዚያ በቀለም ለየሁት። እኔው በቀባሁት ቀለም። ሰው ሳሞኝ ኖሬ ራሴን አሞኘሁ።

የኢድሪስ ስምንቱም ከዚያ ውስጥ ናቸው።

ዛሬ ንጋት ላይ ወጥቷል። ምጽዋ አድሮ ነገ ይመለሳል። አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ሄጄ ስልክ አስደወልኩ፤ መስመሩ አልገባ አለ። ለዘይነብ አልነገርኳትም። አባባ ዛሬ ምነው ዝም አለ አለች። ጥርሴን አመመኝ አልኩ። የማን ጥርስ እንደሆነ አልነገርኳትም።

ጥቅ. 12፣ ሐሙስ፣ ማታ

ተኽለ በማኪናው ከከተማው ዳር፣ ቤት ጊዮርጊስ አደረሰኝ። ቁጥር ያላቸው ስምንት ዳዶ ይዟል፤ እኔ አልጠየቅሁትም። የምጽዋ ዳገት አልቆ አውቶቡስ ብቅ የሚልበት ጥግ ላይ ተቀመጥን። ከታች ጉም ብቻ። የሰማሁት ሞተር ሁሉ የኢድሪስ ይመስለኛል። ካሚዮን። ደግሞ ካሚዮን። ተኽለ የ4.6ን ነገር አነሣብኝ። አልሳቅሁም። ደንግጦ ተወው።

8 ሰ. ገደማ ብቅ አለ። ኋላው ወደ ቀኝ አዘንብሏል። መንገዱ መሃል ቆምኩ።

ኢድሪስ ወርዶ ይቆጣል። ሰው ሞልቷል፣ ጣቢያው ቅርብ ነው፣ እዚያ ይታያል ይላል። አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ ብላ፣ ሽማግሌው ሳንቲም ባይኖረው ነው፣ በነጻ አሳፍሩት አለች። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣላትም ነበር።

«ኢድሪስ ልጄ፣ የሰጠሁህ ዳዶ ልፍስፍስ ነው። ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። ሰውን አውርድ።»

አየኝ።

«ጥቁሩ ብርቱ ነው ብለውኝ አልነበር፣ አባባ?»

«ብዬህ ነበር።»

ተኽለ ከሥር ገባ። ከስምንቱ ሁለቱ የሉም። ሦስተኛው በጣት ዞረለት። ኢድሪስ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ከጊንዳዕ ከተማ በላይ አንድ መጠምዘዣ ላይ ኋላው ከድቶት ነበር፤ መንገዱ ነው ብሎ አለፈው። ያቺ ሴት ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ሁለት ልጆች ይዛለች። አልቀለደችም።

ዳዶው ተቀየረ። ተኽለን በራሱ ቋንቋ፣ በትግርኛ፣ የቐንየለይ ብዬ አመሰገንኩት። እወ፣ አዎ ብቻ አለኝ።

ጥቅ. 13፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ድስቱን ደፋሁት። ጥቁሮቹን በሙሉ ለምድጃ ሠሪዎቹ ሰጠሁ። ከክረምት ወዲህ ከዚያ ቆርቆሮ ማን ማን ወሰደ? ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ ተኽለ ጻፈ። አሥራ አንድ ስም። ሰባቱ ጋ በእግሬ ደረስኩ፤ የቀሩትን ተኽለ ያዳርሳል። ፎርቶ ኮረብታ ሥር ያሉት መካኒኮች ሳቁብኝ። ጥቁሩ ብርቱ እያሉ እስከ በሩ ሸኙኝ። ይሳቁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሳቅሁባቸው እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለተኛው ግን አለ። የከረን ሰው፣ ሎሚ የሚጭን ካሚዮን፣ በሩ አረንጓዴ። አሥር ዳዶ ወስዷል። ግራ እጁ ስድስት ጣት አለው፤ ስትቆጥር ታጭበረብራለህ ብዬ ቀለድኩበት። ቀልዱን አስታወስኩ። ስሙን አልጠየቅሁትም።

ዘይነብ ዛሬ ሁሉንም ሰማች። በዚህ ጉልበት ከረን የለም አለች፤ መንገዱም ፍተሻ በፍተሻ ነው አለች። 10.9 ናት ብዬሻለሁ። ከዚያ ግን ተነሥታ ስንቅ ቋጠረችልኝ።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ። ሎሚ ገበያ፣ አረንጓዴ በር፣ ስድስት ጣት። ምትክ የሚሆኑትን አሥር ዳዶ በመሐረብ አስሬያለሁ። ዓይኔን አላመንኩም፤ እያንዳንዱን በጣቴ ዳሰስኩ። 8። 8። 8። እስከ አሥረኛው።

አንቺ ደብተር፣ እዚህ ቆዪ። ኪሴ ሞልቷል።