ለላቬንደሬ ስለተላከው የውኃ ቦቴ

ለተከበሩ የውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እኛ ከመታጠብ በቀር የጎደለብን ነገር ስለሌለ በጣም ደህና ነን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ቧንቧችንም እንዳለ አለ።

እኔ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደጄ ላይ ላቬንደር የምትባል፣ ከሩቅ ባሕር ዳርቻ የመጣች ሐምራዊ አበባ ነበረችኝ። ፀሐይና ድንጋያማ አፈር ካገኘች ውኃ አትለምንም፤ ጠባይዋን ሳይ እርስዎ በሚያስተዳድሩት ሰፈር ለመኖር የተፈጠረች መስላኝ ነበር የተከልኳት። አሁን የሚከተሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ፦ አበባዬ በድርቁ ወራት መፍካቷን ያዩት ተቆጣጣሪዎ፣ ውኃ ሰርቃ ነው ብለው ቆጣሪዬን ስለነቀሉልኝ አመሰግናለሁ። ውስጡ ቤት ሠርታ የኖረችው ሸረሪት ግን ያለማስጠንቀቂያ በመፈናቀሏ ቅር ብሏታል።

2ኛ፦ ትልቅ እንግዳ በመንገዳችን ያልፋሉ በተባለ ሰሞን፣ ያችው ሌባ አበባ በአንድ ጀምበር አርአያ ተብላ ቦቴ ሙሉ ውኃ ስለተላከላት እጅ እነሳለሁ። እናቴ አልጋ ከያዘች ሰንብታለች፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየቀኑ መታጠብ አለባት። ይህን ለማመልከት ቢሮዎ ስንቴ እንደተመላለስኩ እግሬ ያውቃል። ጀሪካኔን ይዤ ብሮጥ፣ ምስኪኑ ሾፌር ዓይኔን ማየት እያቃተው፣ ትእዛዙ ለአበባ እንጂ ለሰው እንደማይል ነገረኝ። እንግዲያውስ አበባዋንም አታጠጣት፣ ሥሯ ይበሰብሳል ብዬ ብለምነው፣ እሱም እንጀራዬን አታሳጭኝ ብሎ ለመነኝ። ቦቴው እስኪደርቅ ድረስ አፈሰሰው። እኔም ከአበባው ሥር የተኛውን ጭቃ ውኃ በቁራጭ ጨርቅ አጥልዬ እናቴን አጠብኳት። እያለቀስኩ ነው ያጠብኳት፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

3ኛ፦ ላቬንደሯ ሞተች። ድርቅ ያቃተውን የእርስዎ ቸርነት ፈጸመው። እንግዳውም በሌላ መንገድ አለፉ አሉ።

ዕድሜዎ እንደ ጀሪካን ወረፋችን እንዲረዝም፣ ወንበርዎም እንደ ቧንቧችን ደርቆ እንዲጸና ከልብ የምትመኝልዎ፣

ቆጣሪ አልባ ደንበኛዎ፣ ልብስ ሰፊዋ

ታክሎ የተጻፈ፦ ደብዳቤውን ሳነብላት እናቴ አንድ ነገር ጨምሪልኝ ብላለች። ሌላ ትልቅ እንግዳ የሚመጡ ከሆነ ቀደም ብለው ያሳውቁን፤ ሐምራዊ ሻሽ አስሬላት፣ ከነአልጋዋ አውጥቼ አበባዋ ከነበረችበት ቦታ አስተኛታለሁ።