ቤቱን አብረን እንሥራ ያሉት

ሰኞ፣ ማርች 4፣ 2019

የመኪናዬን በረዶ ጠረግሁ። ሮቢንስዴል፣ የአረጋውያን መጦሪያው፣ ነርሲንግ ሆም፣ የጠዋት ሺፍት። ሁለት ሠራተኛ ቀርቷል፤ ኦቨርታይም ያዝኩ። ዛሬ ዐቢይ ጾም ገባ። ምሳ መኪና ውስጥ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ። ጾም ሲገባ የሚያስታውሰኝ ባሌ ደረጀ ነበር። ይህን ስጽፍም ምንም አልተሰማኝም። እሱን ከቀበርኩ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ማስታወሻዬ፣ አንቺም ለምደሽዋል።

ቄስ ገብሬ ደወሉ። ቤ/ክርስቲያናችን በኤሌክትሪክ ሽቦ ጣጣ ከተቃጠለ ወዲህ የምንሰበሰበው በተከራየነው የት/ቤት ጂም ነው። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ባገኘነው ቦታ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የአዲሱ መሠረት ይጣላል። እስከዚያ ለሴቶች ጉባኤ፣ አይሁድ ከምርኮ ተመልሰው ቤተ መቅደሳቸውን እንዴት እንደገና እንደሠሩ አስተምሪ አሉኝ። ለምን እኔ? አገር ቤት ታሪክ ታስተምሪ ነበር አሉ። እምቢ ለማለት ብዙ ማውራት ያስፈልጋል። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 9

በረዶ። ቢሆንም መጡ።

ቂሮስ ባቢሎንን ከያዘ በኋላ ምርኮኞቹን ሂዱና ቤታችሁን ሥሩ እንዳላቸው ነገርኳቸው። ብዙዎቹ ግን አልሄዱም። እዚያው ቤት ሠርተዋል፣ ነግደዋል፣ ልጆቻቸው የሚያውቁት ባቢሎንን ብቻ ነው። ወ/ሮ ዘነበች፣ ንጉሥ ቢያዝዛትም ከሆፕኪንስ አፓርታማዋ የሚያስነሳት እንደሌለ ተናገረች። ሳቁ። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ።

ረቡዕ፣ ማርች 20

እትዬ ደወለች። ታላቅ እህቴ፣ በላይነሽ። ከደረጀ ልቅሶ ወዲህ ገና አሁን።

የምታውቂውን ልድገመው። ምእመኑ በአስተዳዳሪ ጠብ ለሁለት ሲከፈል እሷ ከወጡት ጋር ወጣች፤ እኔና ደረጀ ቀረን። ከዚያ በኋላ ክርስትናውም ሠርጉም ለየብቻ። ደረጀ እስኪሞት ድረስ እነሱ ባሉበት መንገድ እንኳ አይነዳም ነበር።

እነ እትዬ አሁን ያሉበትን አዳራሽ ሊለቁ ነው። ሰውም ሳስቶባቸዋል። እኛ ስንሠራ አብረው መሥራት፣ ከዚያም እንደ ድሮው አንድ ላይ ማስቀደስ ይፈልጋሉ። ሽማግሌ ከመላካችን በፊት ያንቺን ልስማ ብዬ ነው አለች። ኮሚቴው ይወስን አልኳት። የጉልበቷ ሕመም እንዴት እንዳደረጋት ጠየቅኋት። እንዳለ ነው አለች። ዘጋን።

ሰሐን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 30

መሠረቱ የተጣለበትን ቀን አስተማርኩ። መለከት፣ ዝማሬ። ወጣቶቹ በደስታ ይጮኻሉ። የፊተኛውን ቤት በዓይናቸው ያዩት ሽማግሌዎች ደግሞ ያለቅሳሉ። ከሩቅ ለሚሰማ ልቅሶው ከእልልታው አይለይም። እዚህ ላይ ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ፤ የተቃጠለው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ። እኔ ከማንኛቸውም ጋር አልነበርኩም። ዝም ብሎ ድንጋይ ሲያቀብል የዋለ ሰውም ኖሮ ይሆናል፤ ስለ እሱ የነገረን የለም።

ጋሽ ወርቁ፣ የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ፓርኪንግ ላይ ጠበቁኝ። የእነ እትዬን ጥያቄ ሰምተዋል። የሚቀጥለው ትምህርት ስለ ጎረቤቶቹ እንዲሆን ፈለጉ፤ አብረን እንሥራ ብለው ሲመጡ፣ የተመላሾቹ አለቃ ዘሩባቤል እምቢ ስላላቸው ሰዎች። ጥያቄው ላይ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሰው ይህን ይስማው አሉ።

ክፉ ሰው አይደሉም። በጠቡ ሰሞን የእነ እትዬ ወገን የቤ/ክርስቲያኑን ቁልፍ ቀይሮባቸው የእናታቸውን ተዝካር ዝናብ ላይ ነው ያወጡት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9

ሺፍት። ሚስ ሩትን አጠብኩ፣ አለበስኩ፣ ዊልቸር ላይ አስቀመጥኩ። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ያደገች አይሁዳዊት ናት። በእረፍቴ ምን እንደማነብ ጠየቀችኝ። ታሪኩን ከእኔ በላይ የምታውቅ መስሎኝ ነበር፤ በልጅነቷ ሰምታ ረስታዋለች። ዘሩባቤል እምቢ እስካለበት ድረስ ዝም ብላ አዳመጠች።

«እምቢ የተባሉት ሰዎችስ የት ሄዱ?» አለች።

«የትም። እዚያው ጎረቤት ነበሩ።»

«አስቸጋሪ ነው» ብላ ካልሲዋን እንዳስተካክልላት እግሯን ዘረጋች።

ቤት ገብቼ ቀጥሎ ያለውን አነበብኩ። ጎረቤቶቹ ተቀየሙ። ሠራተኞቹን አስፈራሩ፤ ንጉሥ ዘንድ ከሰሷቸው። ሥራው ቆመ። ለዓመታት። ሌላ ንጉሥ እስኪነግሥ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 14

ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ። ጋሽ ወርቁ ተናገሩ። ስለ ቁልፉም፣ ስለ ዝናቡም። እውነታቸውን ነው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ታሪኩን ንገሪያቸው ብለው እኔን አስነሱኝ። ነገርኳቸው። እምቢታው ላይ ግን አላቆምኩም፤ ሥራው እስከቆመበት ድረስ ወሰድኩት።

«ታዲያ ዘሩባቤል ተሳስቷል ነው የምትዪው?» አሉኝ።

«እሱን አላውቅም፣ ጋሼ። አምልኳችን ከጎረቤቶቹ ጣዖት ጋር ይደባለቃል ብሎ ፈርቶ ይሆናል። የእኛዎቹ ግን እዚያም ሆነው የሚያስቀድሱት ያንኑ ቅዳሴ ነው።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ይሻል ነበር፤ ሰው የሚያምነው እሱን ነው።

እጅ ወጣ። በጥቂት በለጡን። አብረውን አይሥሩ ተባለ። ቄስ ገብሬ ቀስ ብለው ጸሎት አሳረጉ። ወንበር ሲያጥፉ ጋሽ ወርቁን አገዝኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ትናንት ፋሲካ ነበር። እትዬ አልደወለችም። ውሳኔውን ሰምተዋል። ብቻዬን ፈሰክሁ። ደረጀ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ የልብስ ክምር አለ። አነሳሁት፣ አጣጠፍኩት፣ መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት።

እንቅልፍ ደህና ነው። ምግብም ይገባል። ሌላ የምነግርሽ የለኝም።

ዓርብ፣ ሜይ 3። ከሰዓት

ነገ መሠረቱ ይጣላል። የኮንክሪቱ መኪና ጠዋት ይመጣል።

ከሺፍት ወጣሁ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ለእትዬ ደወልኩ። አስቤበት አይደለም። ነገ መጥቼ እወስድሻለሁ አልኳት።

«አትምጡ ተብለን የለ እንዴ?»

«አትሥሩ ነው የተባላችሁት። ቆሞ ማየት አልተከለከለም።»

«ቢያስወጡኝስ?»

«አብረን እንወጣለና፣ እትዬ።»

ማልቀስ ጀመረች። እስክትጨርስ ጠበቅኋት። እኔ አላለቀስኩም፤ ስልኩን ግን ጆሮዬ ላይ በጣም ተጭኜው ኖሮ አሁንም ያመኛል። ከዚያ ምን ልልበስ አለች። ነጠላሽን ልበሺ፣ ከላዩ ጃኬት ደርቢበት፣ ሜዳው ንፋስ ነው አልኳት።

ደረጀ ቢሆን አይስማማም ነበር። አውቃለሁ። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ጋሽ ወርቁ ነገ ድንገት ሲያዩን እንዳይደነግጡ ከእኔው ይስሙት። ቁጥራቸውን ነካሁ። እየጠራ ነው። አነሱት፤ እስክሪብቶውን ላስቀምጥ።