ለታደሰ የቀጠርኩት የስፖርት አስተማሪ

ሰኞ፣ ግንቦት 16 ቀን 1974

ከድር ዛሬም የታደሰን ግራ እጅ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አድርጎ ሄደ። ለዚህ ነው የምከፍለው? ይኼንንማ እኔም አላጣውም።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። እዚሁ ነፋስ ስልክ ስፖርት የሚያስተምር መምህር ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በእግሩ ይመጣል፣ ባሌን ያሠራዋል፣ ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ይሮጣል። ያገኘችልኝ የቢሮ ጓደኛዬ ናት። ታደሰ አናጢ ነው፣ የካቲት ላይ ግራ ጎኑን መታውና ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ ሲያስወጣን፣ ካልተንቀሳቀሰ ሰውነቱ ይደርቃል፣ የሚመለስ ነገር ካለም የሚመለሰው በነዚህ ጥቂት ወራት ነው አለኝ። ሆስፒታል እያመላለስኩ እንዳላሠራው ወረፋው ሌላ፣ የመኪናው ሌላ። ሰው ልጁን የሚያስጠና አስተማሪ ይቀጥራል፣ እኔ የባሌን እጅ የሚያነሣ ቀጠርኩ።

ቅዳሜ ወሩ ይሞላል። ልቀጥል ወይስ ይብቃ?

ይኼ አንሶኝ ከሥራ ስመለስ ቀበሌው ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። ቆርቆሮ የደረሳቸው ሰዎች ስም ተለጥፏል። የእኔም አለበት። ስንት ክረምት ጠብቄ ዘንድሮ ወጣልኝ። እስከ ቅዳሜ ቀትር ያልከፈለ ተራው ያልፋል ተብሏል። ጣራችን ልክ ከአልጋችን በላይ ዝጎ ተበልቷል፣ አምና ክረምቱን ሳፋ መሀላችን አስቀምጠን ነው ያሳለፍነው። የደረሰኝ የዕቁብ ብር ደግሞ ወይ ለቆርቆሮው ነው ወይ ለከድር። መንገዱን ሙሉ አገላብጬ አሰብኩት። ለሁለቱ አይበቃም።

ለታደሰ ገና አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 17

ከድር በማይመጣበት ቀን ታደሰ ሌላ ሰው ነው። ጠዋት ስወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፣ ስመለስም ወደ ግድግዳው ነው። ቀን ቀን አብራው የምትውለው እኅቱ እትዬ ወርቄ፣ ምሳውን ሁለቴ ጎርሶ ተወው አለችኝ። ጢሙ አድጓል። ልላጭህ ብለው፣ "ለማን ብዬ?" አለኝ።

እትዬ ወርቄ ነጠላዋን እያጣፋች እግረ መንገዷን ነገር ጣል አደረገች። ከድርን አትወደውም። ጠበል ይሻለዋል ባይ ናት፣ ካልሆነም ወጌሻ ይሸው ትላለች። እጅ ለማንሣት ደሞዝ የሚከፈለው በየትኛው አገር ነው ብላ ሳቀችብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ወጌሻ የወለቀ ነው የሚመልሰው፣ የእሱ ምኑ ወለቀና ብዬ እከራከራት ነበር። ዛሬ በሩ ድረስ ሸኘኋት። እኔም እንደ እሷ ማሰብ ጀምሬያለሁ መሰለኝ።

ከገባሁ በኋላ የሠራሁት፦ አጠብኩት። አበላሁት። ልብሱን ቀየርኩለት። ሽንት ቤት ወሰድኩት፣ መለስኩት። አንሶላውን አጠብኩ። ወገቤ ተቆረጠ። በዚህ ሁሉ መሀል "ቀና በል" እና "ቀስ" ከመባባል ሌላ የተነጋገርነው ነገር የለም። ድሮ እኮ ወሬ አያልቅብንም ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 18

ዛሬ ሰልዬ ዋልኩ ማለት ይቻላል። ለአለቃዬ አውቶቡስ አጣሁ እላለሁ ብዬ ቀረሁና ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ከድር የሚያደርገውን ሁሉ አየሁ። ሐሳቤ ተምሬ እኔው ላሠራው ነው። ይኸው፦

በጀርባው አስተኝቶ ክርኑንና አንጓውን ይዞ እጁን በቀስታ ማንሣት። መጎተት የለም።

ጣቶቹን አንድ በአንድ መዘርጋት።

ልጆች ሠፈር ውስጥ የሚጫወቱበትን የካልሲ ኳስ አስይዞ፣ ጨብጥ ልቀቅ ማለት። (አይጨብጥም። ከድር ግን ይላል።)

ከወንበር ማስነሣት፣ መልሶ ማስቀመጥ። ከዚያ በግድግዳው ተደግፎ እስከ በሩ።

በቃ ይኼው ነው። ታይፒስት ነኝ፣ ያየሁትን መገልበጥ አያቅተኝም።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ታደሰ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ነው የቀሰቀሰኝ። ላጪኝ አለ። ነጩን ሸሚዝ አምጪልኝ አለ። ኋላ ከድር እያስነሣው፣ "ጋሼ፣ እርስዎ በሩ ጋ ካልደረሱ የእኔን ቁም ሳጥን ማን ይሠራልኛል?" ሲለው ታደሰ ሳቀ። ያውም ከት ብሎ። እንጨቱን አንተ አምጣ እንጂ ሥራው የእኔ ነው አለው። ከታመመ ወዲህ እኔ ፊት እንዲህ ስቆ አያውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ከፋኝ።

ማታ ስለ ቆርቆሮው ነገርኩት። አላቅማማም። ይኼን ቤት ምሰሶ ተክሎ፣ ማገር አስሮ፣ በገዛ እጁ የሠራው እሱ ነው። ጣራው በላዩ ሲፈርስ ተኝቶ እንደማያይ ነገረኝ።

"ቆርቆሮውን ግዢ። ከድርን አሰናብቺው" አለ።

እፎይ አልኩ። ውሳኔው ከእኔ ላይ ስለወረደ ነው እፎይ ያልኩት፣ ለሌላ አይደለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 19

ቢሮ የውይይት ክበብ ቀን ነበር። ስለ ምርት ዘመቻው ሲነበብ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። የክበቡ ጓድ ሊቀመንበር አይቶኛል። ሌላ ቀን ቢሆን ያስጨንቀኝ ነበር፣ አሁን መጨነቅም አቅም ይጠይቃል።

የሚያሳስቡኝ ነገሮች፦ ቆርቆሮውን የሚመታልኝ ሰው ከየት አገኛለሁ። ሚስማር። ሐዋሳ ያለችው ልጃችን አባባ እንዴት ነው ብላ ጽፋለች፣ ምን ብዬ እመልስላት። የእትዬ ወርቄ ጉልበትም ማመም ጀምሯል። ደግሞ እጁ በእኔ እጅ ሳለ ቢደርቅስ?

የመጨረሻውን ሳልጽፈው ብተኛ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 20

ከድርን አሰናበትኩት። ታደሰን አሠርቶ ሲወጣ አጥሩ ሥር ተከትዬ ያዝኩት። የወሩን ሂሳቡን ሰጠሁት፣ ስለ ጣራውም ነገርኩት። ይቀየመኛል ብዬ ነበር፣ አልተቀየመም። ክረምት እየመጣ ነው፣ ልክ ነዎት አለኝ። እኔ ላሠራው እንዳሰብኩ ስነግረው ኳሱን ከኪሱ አውጥቶ አገላበጠ።

"እንቅስቃሴውን ይችሉታል፣ እትዬ ጥሩነሽ። እሺ ካለዎት" አለኝ።

ባሌ ለምን እሺ አይለኝም ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። ኳሱን ትቶልን ሄደ። ገብቼ ሳይ ታደሰ የሸሚዙን ቁልፍ በአንድ እጁ ለመፍታት እየታገለ ነው። ልርዳህ አላልኩትም፣ እሱም አልጠራኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 21

ማርያም ናት ዛሬ። እትዬ ወርቄ በጠዋት ሀና ማርያም ሄደች፣ እኔ ቤት ቀረሁ። ቢሮ የለም፣ ጊዜ አለኝ፣ ጀመርኩ።

እጁን አነሣሁ። ከበደኝ። የከድር እጅ ላይ እንዲህ አይከብድም ነበር። ጣቶቹን ልዘረጋ ስል ጨምድዶ ያዘብኝ። ኳሱን ሳስይዘው መሬት ጣለው፣ አነሣሁ፣ ጣለው፣ አነሣሁ። ወንበሩን አምጥቼ ተነሥ አልኩት። ዓይኑን ጣራው ላይ ተከለ። ብብቱን ይዤ ሳብኩት። አይሳብም የተባለውን እጅ ሳብኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሁለታችንም ተንሸራተን ወለሉ ላይ ቁጭ አልን።

ያኔ ጮኽኩበት። ለከድር ተላጭተህ ሸሚዝ ለብሰህ ትነሣለህ፣ ለእኔ ሬሳ ትሆናለህ አልኩት። ይኼን ቃል ተናገርኩት። ታደሰ አልጮኸም። አልጋውን ተደግፎ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ እንዲህ አለኝ፦

"አንቺ ታጥቢኛለሽ። ታጎርሺኛለሽ። ሽንት ቤት ታደርሺኛለሽ። አንቺ ስታነሺኝ በሽተኛ ነኝ፣ ጥሩዬ። እሱ ሲመጣ ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ።"

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ወገቤ እስኪቆረጥ የምለፋው እኔ፣ ሰው የሚያደርገው ሌላ። አልጋው ላይ መለስኩትና ውጪ ወጥቼ ቧንቧው ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ሳለቅስ ቆይቼ ግን ነገሩ ገባኝ። እኔም እኮ ከሥራ ስገባ ባሌን አላየውም። የሚታጠብ ሰውነት ነው የማየው። እሱ ይኼን ከእኔ ዓይን ላይ ያነበበው ከመቼ ወዲህ ነው?

ብሩን በመሀረብ ቋጥሬ ቀበሌ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ቆሜ ስጠብቅ እንኳ ቆርቆሮውን እንደምገዛ ነበር የማውቀው። ስሜ ሲጠራ፣ ለሚቀጥለው ይለፍ አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ጓድ ጥሩነሽ፣ ተራሽ ካለፈ አለፈ ነው፣ ኋላ እንዳትመጪብኝ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ጉልበቴን ልትስም ምንም አልቀራትም።

ለታደሰ ነገርኩት። ቤቱን አፍርሼበታለሁ፣ እንደሱ ነው ያየኝ። እንደተኮራረፍን አመሸን።

እሑድ፣ ግንቦት 22

ሰውን አሰናብቶ በሦስተኛው ቀን ደጁን ማንኳኳት እንዴት እንደሚያሳፍር። ከድር ቤት አጠያይቄ ደረስኩ። ሚስቱ ሻይ ሰጠችኝ። ከዓርብ ወዲህ ያለውን ነገርኩት፣ ወለል ላይ መውደቃችንን ሳይቀር። አልገረመውም። ዓርብ ዓርብ ግን ከእንግዲህ አይችልም፣ ተማሪዎቹን ለሰልፍ ትርዒት እንዲያሠለጥን ታዝዟል። ሰኞና ረቡዕ ይመጣል፣ ሂሳቡም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ልሰነባበተው ስል ጠየቅሁት። እጁ ይመለሳል ወይ? እውነቱን ንገረኝ አልኩት።

"እግሩ ይሻሻላል። በእጁ ግን አልምልልዎትም" አለ።

እና ቆርቆሮዬን ለዚህ ነው የሰጠሁት። መንገድ ላይ ይኼን እያልኩ ነው የተመለስኩት። እትዬ ወርቄ ብትሰማ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያዋ ነኝ። ለታደሰ ከድር ነገ ይመጣል አልኩት። ከራት በኋላ ጢሙን ሲዳብስ አየሁት።

ሰኞ፣ ግንቦት 23

ዝናቡ ክረምቱን አልጠበቀም። ሊነጋጋ ሲል ወረደ፣ ወረደ ሳይሆን ተደፋ። አልጋው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሳፋ አስቀምጬ፣ ታደሰን ላጭቼ፣ ሸሚዙን አልብሼ ስጨርስ ከድር ራሱን በላስቲክ ሸፍኖ ደረሰ። ታደሰን አስነሥቶ ግድግዳውን አስያዘው፣ እኔና እሱ አልጋውን ልናዛውር ስንል ታደሰ ቆሞ ትእዛዝ ይሰጠን ጀመር። ወደ ግራ። አይ፣ በዚያ በኩል የጣራው ወራጅ እንጨት ደካማ ነው፣ ነገ ያፈሳል። ወደ ማዕዘኑ ሳቡት። ጠረጴዛውን አውጡት። ሥራው እስኪያልቅ ቆሞ ነበር። ከድር ሆን ብሎ ሲያዘገየው አይቻለሁ። ለአውቶቡሱ እየሮጥኩ ስወጣ አሁንም ስለ ወራጁ እየተከራከሩ ነበር።

ቢሮ ውዬ፣ ተራ ቆሜ ጋዝ ገዝቼ፣ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባሁ። ታደሰ አልጋው ላይ የለም። ለካ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ነው፣ ሸሚዙን እንደለበሰ። እንደ ልማዴ ጋዙን አስቀምጬ፣ ውኃ ላሙቅ፣ ልብሱን ላውልቅለት ብዬ ተጠጋሁ። በደህናው እጁ ፊት ለፊቱ ያለውን ወንበር አሳየኝ።

"ቁጭ በይ መጀመሪያ" አለኝ። ተቀመጥኩ።

"ሥራ እንዴት ዋለ?"

ከየካቲት ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም የሚጠየቅ ነገር እንዳለኝ ረስቼው ነበር። ከዚያ የማባዣው ስቴንስል ወረቀት እየታየፕኩበት መሀል ላይ እንደተቀደደብኝ ነገርኩት። አለቃዬ የሌላውን ስህተት በእኔ እንዳላከከ ነገርኩት። ሐሙስ ውይይት ላይ እንቅልፍ እንደወሰደኝ ስነግረው አንኮራፋሽ ወይ አለኝ። ጓድ ሊቀመንበሩን ጠይቅ አልኩት። ግራ እጁ ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ነበር፣ አልተንቀሳቀሰም። ራቱ ዘገየ፣ ልብሱንም ገና አላወለቅሁለትም። እኔ አወራለሁ።